ከጠረጴዛው ጀምሩ፦ ለጠረጴዛ ጨዋታ ወዳጆች የሁለት ሌሊት ካምፕ ላንጋኖ ላይ ማዘጋጀት

ካርታ፣ ቼዝ፣ ዳማ፣ ገበጣ፣ ካታን (ሰሌዳ ላይ መንደርና መንገድ እየሠሩ የሚፎካከሩበት ጨዋታ) የሚጫወት ቡድን ከከተማ ወጥቶ ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሊያድር ሲያስብ ዝግጅቱን ብዙ ጊዜ ከኋላ ይጀምረዋል። መኪና ይያዛል፣ ድንኳን ይከራያል፣ የሚበላው ይታሰባል፤ ጨዋታው ግን «እዚያ ስንደርስ እናየዋለን» ተብሎ ይታለፋል። ቅዳሜ ከሰዓት ነፋሱ ካርታውን ይበትነዋል፤ ማታ ደግሞ መብራቱ ደክሞ ቀይ ጠጠር ከብርቱካናማው አይለይም። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ይህ እንዳይሆን ሁሉም ነገር ከጠረጴዛው ተነስቶ ይታቀድ፤ የሰው ቁጥር፣ የድንኳን ቦታ፣ መብራት፣ ምግብም ቢሆን።

ከታች ያለው ስሌት ከአዲስ አበባ አርብ ተነስቶ እሑድ ለሚመለስ የ16 ሰው ቡድን ነው። ቦታው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ስለሆነ ሌሊቱ እንደ ወንጪ አጥንት አይሰብርም፣ በሐይቁ ዳር ድንኳን የሚያስተክሉ ማረፊያዎችም አሉ።

ስንት ሰው?

16 የተባለው በአራት ስለሚካፈል ነው። አራት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አራት ሰው። ካታን ያለ ተጨማሪ ሣጥን የሚጫወተው ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ነው፤ ኮንከር የሚባለው የካርታ ጨዋታም በአራት ሰው ያምራል፤ ቼዝ፣ ዳማና ገበጣ ሁለት ሁለት ጥንድ ይሆናሉ። አሥራ ሰባተኛ ሰው ከመጣ በየዙሩ አንድ ሰው ቆሞ ያያል። 18 ከሆናችሁ አንዱን ጠረጴዛ ለደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው ታሪክ ለሚጫወቱበት ጨዋታ፣ ስጡት፤ ታሪኩን የሚመራ አንድ አጫዋችና አምስት ተጫዋች ስለሚይዝ ትርፎቹን ይሰበስባል። አንድ የሣጥን ጨዋታ ላይ ስድስት ሰው ማጨናነቅ ግን አይሆንም። ተራ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ተነስቶ ይሄዳል፣ ጨዋታውም አብሮት ይፈርሳል።

ለእያንዳንዱ ጨዋታ ደንቡን አጥርቶ የሚያውቅ አንድ አስረጂ ከወዲሁ ይመደብ። ማንም ተጫውቶት የማያውቀውን ሣጥን ካምፕ ላይ ከፍቶ ደንብ ማንበብ የአንድ ሰዓት ብርሃን ያስበላል። አስረጂው ቤቱ አንድ ጊዜ ዘርግቶ፣ ብቻውንም ቢሆን ሁለት ሦስት ዙር ይሂድበት። ለ16 ሰው ከ8 እስከ 10 ሣጥን ይበቃል፤ ሃያ ሣጥን የተጫነበት ካምፕ በምርጫ ክርክር ያልቃል።

ቀኑን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ይመረጣል። ሁለት ነገር ግን ቀን መቁጠሪያው ላይ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ጾም ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የነቢያት ጾም ስለሆነ ቅዳሜና እሑድም ምግቡ የጾም ይሆናል። ሁለተኛው ጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ የወጣበት ሌሊት ከድንኳን ወደ መጸዳጃ መሄድን ያቀላል፣ የመብራት ባትሪንም ያተርፋል።

ተቀማጩን ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የወጪውን ግማሽ ያህል ሰብስቡ። ሳምንት ሲቀረው የቀረ ሰው ምትክ ካላመጣ ገንዘቡ እንደማይመለስ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ሁለት ሰው ሲቀር አንድ ጠረጴዛ ይፈርሳል፣ የመኪናው ኪራይ ግን ያው ነው። ከጠቅላላው 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዝ፣ ቀሪው እሑድ ማታ በቴሌብር ይመለስ።

ጉዞው

አስራ ስድስት ሰው ከነዕቃው ሚኒባስ ውስጥ አይገባም። ላዩ ላይ ዕቃ መጫኛ ያለው ኮስተር ያዙ። መንገዱ በአዳማ ፈጣን መንገድ ሞጆ፣ ከዚያ መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ እያለ ይወርዳል፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ከመነሳታችሁ ከሁለት ቀን በፊት ለማረፊያው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

አርብ ላይ ጁምዓ የሚሰግዱ ሰዎች ካሉ መነሻው ከሶላት በኋላ፣ 7፡30 ገደማ ይሆናል። ያ ማለት 11፡30 መድረስ ማለት ነው። ላንጋኖ ላይ 12 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ድቅድቅ ይላል። በጨለማ ድንኳን መትከል ደግሞ የካምፕ ጠብ ሁሉ መነሻ ነው። ስለዚህ አራት ሰው በሌላ መኪና ጠዋት 2 ሰዓት ቀድሞ ይሂድ። ጥላውን ይወጥራል፣ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ማብሰያውን ያዘጋጃል። የኋለኞቹ ሲደርሱ የሚቀራቸው የራሳቸው ድንኳን ብቻ ይሆናል።

ጠረጴዛ፣ ጥላ፣ ነፋስ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ካምፑ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ጠረጴዛና ወንበር ከእድር መጠየቅ ከሁሉም ይረክሳል። ከመካከላችሁ የአንዱ ቤተሰብ የእድር አባል መሆኑ አይቀርም፤ ብዙ እድር ዕቃውን ለአባል በትንሽ ኪራይ ይሰጣል፣ ትልልቅ ድስትና ጭልፋም አብሮ ይገኛል። ቅዳሜና እሑድ ኀዘን ከተፈጠረ ግን ዕቃው ለለቅሶ ቤት ስለሚሄድ፣ የዕቃ አከራይ ስልክ በመጠባበቂያ ይያዝ።

የእድር ጠረጴዛ ረጅምና ጠባብ ነው። ካታንን ለአራት ሰው ለመዘርጋት ቢያንስ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። መፍትሔው ቺፕውድ ነው። 122 በ244 የሆነ ቀጭን ቺፕውድ ሁለት ግዙና እዚያው ሱቁ እያንዳንዱን በአራት ያስቆርጡት፤ 61 በ122 የሆኑ ስምንት ቁራጮች ይወጣሉ። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ስታጋድሙ 122 በ122 የሆኑ አራት ሰፊ መጫወቻዎች ይኖራችኋል። ሙሉውን አታጓጉዙ፤ ነፋስ ይዞት ከመኪና ላይ ይነሳል፣ በሩም አያስገባውም።

በላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አልብሱት። አንሶላ ወይም ላስቲክ አይሁን። ባዶ ጣውላ ላይ የተጋደመ ካርታ ጥፍር ሾልኮ አያነሳውም፣ ነፋስ ግን በሥሩ ገብቶ ይገለብጠዋል። ብርድ ልብስ ላይ ጣት ሲጫን ጨርቁ ጎድጎድ ይልና የካርታው ጠርዝ ብድግ ይላል፤ ዛሩም (የሚጣለው ባለ ቁጥር ጠጠር) ተንከባሎ አሸዋ ላይ አይወድቅም። ዳርና ዳሩን በየጎኑ በአራት፣ በጠቅላላው በ16 የልብስ መቆንጠጫ ያዙት። የካርታ ክምር ጠርዝ ባለው ትንሽ ትሪ ውስጥ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ ድንጋይ ይደረግበት።

ላንጋኖ ላይ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ከየት እንደሚመጣ የማረፊያውን ጥበቃ ጠይቁ፤ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። 6 በ8 ሜትር የሆነ ሸራ አራቱን ጠረጴዛ ከነወንበሩ ይሸፍናል። መሐሉን 2.5 ሜትር ላይ በገመድ ወጥሩ፣ ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን እስከ 1 ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ተቃራኒውን ክፍት ተዉት። ሁለቱም ጎን ከፍ ካለ ሸራው እንደ ሸራ ጀልባ ይነፋና ገመዱን ይበጥሳል።

ሌላው ስሕተት ካስማ ነው። ከድንኳን ጋር የሚመጣው ቀጭን ብረት አሸዋ ላይ ምንም አይይዝም፤ ሲመቱት ይገባል፣ ሲስቡትም እንደዚያው ይወጣል። ስምንት ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞልታችሁ አፉን በገመዱ እሰሩና 40 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። ያንን የሚነቅል ነፋስ ከመጣ ጨዋታው ቀርቶ ወደ አዳራሽ መግባት ነው።

የመኝታ ድንኳን ግራር ሥር አይተከል። ጥላው ያጓጓል፤ እሾሁ ግን የድንኳኑን ወለልና ፍራሹን ይበሳል፣ ደረቅ ቅርንጫፍም ይወድቃል፣ ላዩ ላይ የሚያድሩት ወፎች የሚጥሉትም ቀላል አይደለም። ከቅርንጫፉ ዳር ወጣ ብላችሁ፣ መሬቱን በእጅ አብሳችሁ እሾህ ለቅማችሁ፣ ከሥር ተጨማሪ ሸራ አንጥፋችሁ ትከሉ። ከመጫወቻው ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ፤ በጊዜ የሚተኛ ሰው ይኖራል።

መብራት

የእሳት ብርሃን ለወግ ነው፣ ለጨዋታ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ 5 ዋት የሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ አምፖል ከጠረጴዛው 1 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ። ከዚያ ዝቅ ካለ ዓይን ይወጋል፣ የተጫዋች ጭንቅላትም ጥላ ይጥላል።

ስሌቱ ይህ ነው። አራት አምፖል በ5 ዋት ለ5 ሰዓት 100 ዋት ሰዓት ይበላል። 20,000 ሚሊ አምፒር የሚል ፓወር ባንክ በስሌት 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመሐል የሚባክነው ሲቀነስ 60 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በሌሊት ሁለት፣ ለሁለት ሌሊት አራት፣ አንድ መጠባበቂያ። እነዚህ ስልክ አይሞሉም ብላችሁ ላያቸው ላይ ጻፉባቸው፤ ካልተጻፈ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ሆነው ይገኛሉ።

ነጭ መብራት ትንኝና የእሳት ራት ይጠራል፤ ቢጫው ይቀንሳል። ቢጫው ደግሞ ቀለም ያመሳስላል። ካታን ውስጥ ቀይና ብርቱካናማ ቤቶች አሉ፤ ማታ በቢጫ መብራት አንዱ የሌላውን መንገድ የራሱ መስሎት ይቆጥራል። ለሦስት ሰው ከሆነ ብርቱካናማውን ከጨዋታ አውጡት። ለአራት ከሆነ በእያንዳንዱ ብርቱካናማ ጠጠር አናት ላይ በጥቁር ማርከር አንድ ነጥብ አድርጉ። ትንኙን ለማታለል ደግሞ አንድ ብርቱ ነጭ መብራት ከመጫወቻው 15 ሜትር ርቆ ይሰቀል፤ አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል።

ምግብ፦ ደረቅ እጅ

የምግቡ ዋና ጥያቄ ካርታ የሚይዝ እጅ በዘይት አለመነካቱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ምግብ አይቀርብም፤ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል፣ ብርድ ልብሱ በሌላ ጨርቅ ይሸፈናል፣ መብላት ሌላ ቦታ ነው። በመመገቢያውና በመጫወቻው መካከል ቧንቧ የተገጠመለት 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሳሙናና ፎጣ ይቀመጥ፤ መንገዱ በእሱ በኩል እንዲያልፍ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ማንንም ማስታወስ አያስፈልግም። ለመክሰስ ቆሎ ይበቃል። 3 ኪሎ ለሁለት ቀን ያህላችኋል። ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው። ቺፕስ ጣት ያቀባል፣ ሱፍ ደግሞ ገለባው ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ክርስቲያንና ሙስሊም ባለበት ቡድን ሁለት ዓይነት ሥጋና ሁለት ድስት ከማስተዳደር የጋራ ማዕዱን የጾም ማድረጉ ይሻላል። አርብ ማታ ቀድሞውንም ጾም ነው፤ ቅዳሜን ማከል ማንንም አያስከፋም። ሥጋ የሚፈልግ ካለ አስቀድሞ ይናገርና የራሱ ድስት ይለይለት። ለ16 ሰው ለሦስት ማዕድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ተኩል እያላችሁ 72 እንጀራ ይሆናል፤ 75 ያዙ። ሐሙስ ማታ ተጋግሮ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ይታሰር። ትኩሱ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ ቅዳሜ ማታ ይሻግታል። ምስር 1.6 ኪሎ፣ ሽሮ 1 ኪሎ ለአንድ አንድ ማዕድ ይሆናል፤ ሦስተኛው አትክልት ነው። ቁርስ ቅዳሜ ዳቦና ሻይ፣ እሑድ የድርቆሽ ፍርፍር፤ ድርቆሽ አይሻግትም፣ ቦታም አይፈልግም።

ከሰል ከመንገድ ዳር አትግዙ። በዚያ አካባቢ የሚሸጠው በአብዛኛው ከግራር የከሰለ ነው፣ የግራሩ ደን ደግሞ ዓይናችን እያየ እየሳሳ ነው። ምግቡ በጋዝ ምድጃ ይብሰል፤ ለቡናው ከቤት ትንሽ ከሰል ይያዝ። ምድጃው ላይ የቀረ ፍም ሌሊት እንዲያሞቅ ተብሎ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ፍሙ በሚያወጣው ሽታ በሌለው ጋዝ ተኝተው የማይነሱት እንዲህ ነው።

ውሃ ለመጠጥ በሰው በቀን 3 ሊትር፣ ለምግብና ለመታጠብ ሌላ 3 ሊትር። ለሁለት ቀን 192 ሊትር፣ ማለትም አሥር ጀሪካን። የሐይቁን ውሃ አፍልተን እንጠጣዋለን የሚል ሐሳብ ይነሳል፤ አይሆንም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ በፍሎራይድ የታወቀ ነው፣ ፍሎራይድ ደግሞ በማፍላት አይወጣም።

የትኛው ጨዋታ፣ በየትኛው ሰዓት

ነፋስና ብርሃን የሚወስኑት ይህንን ነው። አርብ ማታ ሰው ደክሞታል፤ ኮንከር ወይም ሉዶ፣ ደንብ የማያስረዱበት ነገር ይሁን። ረጅምና ብዙ ጠጠር ያለው ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6 ሰዓት ይሂድ፤ አየሩ የረጋው ያኔ ነው። ከምሳ በኋላ ዋና፣ እንቅልፍ። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ነፋስ የማይነካቸው ይውጡ፦ ቼዝ፣ ዳማ በቆርኪ ሳይሆን በጠጠር፣ ገበጣ።

ገበጣን መሬት ላይ ቆፍሩት። ደረቅ አሸዋ ስለሚናድ ቦታውን ከላይ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በማንኪያ ዛቁት፣ ከዚያ በስኒ ቂጥ ጫን ጫን እያላችሁ ግድግዳውን አጥብቁ። ስፋቱ 8፣ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሦስት ረድፍ በስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር ከሆነ 54 ጠጠር ልቀሙ። የገበጣ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የመዘገቡት ዓይነት ብዛቱ ያስደንቃል። ስለዚህ ከሁለት አውራጃ የመጡ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ አይጀምሩ፤ በየት በኩል እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚበላ፣ ጠጠር ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ቼዝ የለመዱ ሰዎች ደግሞ የጥንቱን የኢትዮጵያ ቼዝ፣ የሰንጠረዥን፣ አመል ይሞክሩት። መጀመሪያ ላይ «ወረራ» አለ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ። ተመልካች የሚሰበሰበው እዚህ ዙሪያ ነው።

ቡና 11 ሰዓት ላይ ይፈላ። አቦል ሲቀዳ የከሰዓቱ ዙር ያበቃል፣ በረካ ላይ የማታው ጠረጴዛ ይመደባል። ሰዓት ቆጣሪ ይዞ ከመጮህ ይህ ይሻላል፤ ለ16 ሰው 300 ግራም ቡና ያዙ።

ቅዳሜ ማታ የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሰዓት ነው፤ ካርታ ስለሌለው ጨለማና ነፋስ ብዙም አይጎዳው። በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ አንድ ታሪክ ይመረጥ። የገጸ ባሕርያቱ ወረቀት አዲስ አበባ ተሞልቶ፣ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ይምጣ፤ ካምፕ ላይ መሙላት ከተጀመረ ሌሊቱ በእሱ ያልቃል። ባለ 20 ገጹ ዛር ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋልና ሁለት ይኑራችሁ። 5 ሰዓት ላይ ድምፅ ይቀነስ፤ ሌላ እንግዳ አጠገባችሁ አለ።

ሣጥኑ እንዴት ይመለሳል

የእያንዳንዱ ሣጥን ይዘት ክዳኑ ውስጥ ተጽፎ ይለጠፍ። ለካታን ለምሳሌ፦ 19 ባለ ስድስት ጎን መሬት፣ 18 የቁጥር ጠጠር፣ 95 የሀብት ካርታ፣ 25 የልማት ካርታ፣ 2 ዛር፣ አንድ ሌባ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 መንደር፣ 4 ከተማ፣ 15 መንገድ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አስረጂው ይቆጥራል፣ አሸዋ ላይ የወደቀ ጠጠር በብርሃን ይገኛል፣ እሑድ ጠዋት ግን አይገኝም። ሌሊት ሣጥኖቹ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገብተው መኪናው ውስጥ ይደሩ፤ ጤዛ የነካው ካርታ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ካርታ ደግሞ ከጀርባው ይታወቃል።

እሑድ የመጨረሻው ጨዋታ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋ፣ ጉድጓዱ ይደፈን፣ ቆሻሻው ተጭኖ ይመለስ፤ 7 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ሳይመሽ ትገባላችሁ።

አካባቢው ወባ አለበት። ከ11፡30 ጀምሮ ረጅም እጅጌ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ፣ ድንኳን ውስጥ ደግሞ አጎበር ያስፈልጋል፤ መረቡ የተቀደደ ድንኳን ከቤት ሳይወጣ ይሰፋ። የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ውስጥ ፋሻ፣ የእሾህ ወረንጦ፣ የቃጠሎ ቅባት፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይኑር። ሆስፒታል ባቱ አለ፤ አንድ መኪናና አንድ ያልጠጣ ሹፌር ሌሊቱን ሙሉ ዝግጁ ይሁኑ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ አይቀመጥ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ላንጋኖ ማደሩን ይናገርና ደሙን ይመርመር።